ለታመመ የተፈተለ ክር

አርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ ሰው መለየት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ነጋዴ ከፍሎ ይገባል። ሌላው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው፣ መክፈል እንደማይችል የሚመሰክር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ ማምጣት አለበት። ወረቀቱን «ነፃ» ነበር የምንለው። ነፃ ያለው ካርድ ይወጣለታል፣ የሌለው ሄዶ ያመጣል። ከባድ ሥራ አልነበረም። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ አለቃዬ ይወደኝ ነበር።

ጥጥ ለቀማ ሲደርስ ከዶርዜና ከዚያ በላይ ካለው ደጋ ብዙ ሰው ለቀን ሥራ ወደ መንግሥት እርሻው ይወርዳል። ወባ የማያውቅ ሰውነት ይዘው ወርደው ከጥቂት ሳምንት በኋላ እየተንቀጠቀጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ገቡና በረንዳው ላይ አስቀመጧት። ባሏ ወደ መስኮቴ መጣ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ጋቢ የለበሰ ሸማኔ ነበር።

«ነፃ አለዎት?» አልኩት።

«ምን?»

«ከገበሬ ማኅበር የተጻፈ ወረቀት።»

«ወረቀት እላይ አገር ነው። ሊቀ መንበሩም እላይ ነው። እሷ እዚህ ናት።»

«ያለ ወረቀት ካርድ ማውጣት አልችልም። ካልሆነ መክፈል ነው።»

ትንሽ አሰበና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ አጣጥፎ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ይህን ያዝ» አለኝ። አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ስለሚቀላቀሉበት እኔን ሴቷን እንደ ወንድ ነበር የሚያናግረኝ።

«ጋቢ አንቀበልም» አልኩት።

ጋቢውን መልሶ ለበሰ። ተሸካሚዎቹ የቀን ሥራቸው እንዳይቀርባቸው ወደ እርሻው ተመለሱ፣ እሱ ወረቀቱን ሊያመጣ ወደ ደጋው በእግሩ ወጣ። ሴትየዋ በረንዳው ላይ ቀረች። ከመስኮቴ ሆኜ እግሯ ይታየኝ ነበር። ከቀትር በኋላ አንዴ ስትቃትት ሰማኋት። ተነሥቼ አየኋትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ መስኮቱን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባልየው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተመለሰ። ማኅተሙ የሚቀመጠው በሊቀ መንበሩ ኪስ ነው፣ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ወረዳ ስብሰባ ሄዶ ነበር። እዚያ ድረስ ተከትሎት ነው ያስመታው። ወረቀቱን ተቀበልኩ፣ ካርዱን በጥሩ ጽሕፈቴ ሞላሁ፣ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰርም አያት። መርፌ ተወጋች። በዚያው ቀን የአምስት ወር ፅንስ አስወረዳት። እርጉዝ መሆኗን አላወቅኩም ነበር፤ አልጠየቅኳትማ።

ድሬሰሩ በሕክምና ብዙ ዓመት የቆየ ሽማግሌ ነው። ወደ መስኮቴ መጥቶ፣ «ይህች ሴት የመጣችው ትናንት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወረቀት አልነበራትም።»

«ለእኔ ለመንገርም ወረቀት ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተናገረኝ ሰው የለም። ደንቡን አክብሬ ስለሠራሁ የሚወቅሰኝም አልነበረም። በዓመቱ የጤና ረዳት ሥልጠና ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ ተመዘገብኩ። በዚያች ሴት ምክንያት ነው ብል ይዋብልኛል፣ ግን እውነቱን ለመናገር የደመወዙ መሻሻልም ነበረበት።

ሥልጠናውን ስጨርስ የተመደብኩት ከዶርዜ አለፍ ብሎ ደጋው ላይ ባለች መንደር፣ ገበሬ ማኅበሩ ራሱ በሠራት ክሊኒክ ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ዙሪያዋ እንሰትና ቀርከሃ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ነበረኝ። መድኃኒት በየሦስት ወሩ ከወረዳ ይመጣል ተብሎ ነበር፣ አንዳንዴ በአምስት ወርም አይመጣም። ሲመጣ በሦስት ሳምንት ያልቃል። እዚያ «ነፃ» ማግኘት ችግር አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ጎረቤቴ ነው፤ ወጣት፣ ቅን፣ ንግግር የሚወድ ሰው። ለጠየቀው ሁሉ ወረቀት ይሰጣል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ ወረቀት ነበረው፣ ቁም ሣጥኑ ደግሞ ባዶ ነበር። ሰዎች ወረቀታቸውን አጣጥፈው ይዘው ይመጡና ይዘውት ይመለሱ ነበር።

በደረስኩ በሁለተኛው ወር አንዲት ሴት ደረቷን ያመማትን ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቱ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ትንፋሿ ፈጣን ነበር። ጋሞኛ ገና እየተማርኩ ስለነበረ እየተንተባተብኩ አናገርኳት። ልጅቱን መርምሬ ስጨርስ ሴትየዋ፣ «አውቅሻለሁ። መስኮቷ ውስጥ የነበርሽው ነሽ» አለችኝ።

እኔ አላወቅኳትም ነበር። ቃሬዛ ላይ ሆና በደንብ ያየሁት እግሯን ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት ልክደው እችል ነበር፤ አልካድኩም።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ያን ቀን ለሐኪሙ ብነግረው ኖሮ ያይሽ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። ዝም ብዬ ነው።»

ልጇን እያስተካከለች ቆየች። «ውሃ ያመጣልኝ ሰው ነበር» አለች። «አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ዘበኛው ነው።»

«እንግዲያው ዘበኛውን ነው የመረቅኩት» አለች። ከዚያ፣ «ዛሬስ ምን አምጪ ትይኛለሽ?»

«ዛሬ ምንም አልጠይቅም። ግን ፔኒሲሊን የለኝም።»

«ሣጥኑ ውስጥስ?»

ከፍቼ አሳየኋት። ጥጥ፣ ፋሻና የቁስል ቀለም ነበር። ጠጋ ብላ እስከ ታችኛው መደርደሪያ ድረስ አየች። «ታዲያ ለምን ትቆልፊዋለሽ?» አለችኝ።

የመድኃኒቱን ስም ጽፌ ሰጠኋት። ባሏ ተሸምኖ ያላለቀ ጋቢ መሸመኛው ላይ ነበረው። ባለበት ቆርጦ አወረደው፣ አርባ ምንጭ ወስዶ በወረደ ዋጋ ሸጠው፣ መድኃኒቱን ገዝቶ መጣ። እኔ ወጋኋት፤ ልጅቱ በሳምንቷ ትሮጥ ጀመር። በዚያው ሰሞን የሌላ ሰው ልጅ በተመሳሳይ በሽታ ታሞ ሞተ። የዚያ ልጅ አባት መሸመኛው ባዶ ነበር።

ሴትየዋ ይህን ነገር አልተወችውም። አንድ ቀን እየፈተለች ክሊኒኩ በር ላይ ተቀመጠችና፣ «ሰው ሲሞት እድሩ በአንድ ቀን ሁሉን ያቀርባል» አለችኝ። «እህሉ፣ እንጨቱ፣ ቆፋሪው። ለታመመው ግን ማንም ምንም አያቀርብም፤ እስኪሞት ይጠበቃል ማለት ነው?»

«ለታመመ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?»

«ገንዘብ የለም። ክር ግን የሌለው ቤት የለም።»

ሐሳቧ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ልቃቂት የተፈተለ ክር ያዋጣል። ሸማኔዎቹ በተራ ያለ ዋጋ ይሸምኑታል። ጋቢው ከተማ ይሸጣል፣ በሽያጩ መድኃኒት ተገዝቶ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ይገባል። ክር ያዋጣ ቤት ሲታመም ይታከማል።

ሴቶች ዱቡሻ በሚባለው የሽማግሌዎች የስብሰባ ሜዳ ላይ ስለማይናገሩ ጉዳዩን ባሏ አቀረበ። እሷ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጣ ነበር፤ እሱ ሲሳሳት ታስላለች፣ እሱም ዞር ብሎ ያርማል። ሽማግሌዎቹ ይህን እያዩ እንዳላዩ ሆኑ። አንዱ፣ «ሳልታመም ዓመት ካለፈ ክሬ ይመለስልኛል?» ብለው ጠየቁ። ሸማኔው ወደ አጥሩ ተመለከተ። ሳል አልመጣም። «አይመለስም» አለ በራሱ። «እድርም ስላልሞቱ አይመልስም።» ሰው ሳቀ፣ ሽማግሌውም አብረው ሳቁ፤ ተስማሙ። ሊቀ መንበሩ «የልማት ሥራ» የሚል ስም ሰጥቶት ማኅተም መታበት።

የመጀመሪያዎቹን ጋቢዎች ለመሸጥ ከሸማኔው ጋር አብሬ ወረድኩ። አርባ ምንጭ ገበያ ውለን፣ ከቀትር በኋላ መድኃኒት ቤት ገባን። ክሎሮኪን፣ ፔኒሲሊን፣ ለተቅማጥ የሚጠጣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ የትል መድኃኒት ገዛሁ። ሸማኔው ካርቶኑን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አንዴ እንኳ ለማሳረፍ መሬት ላይ አላስቀመጠውም። «ይሰበራል» ይለኝ ነበር፣ አብዛኛው ኪኒን ቢሆንም።

ለአንድ ዓመት ያህል በደንብ ሄደ። ቁም ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰው ደግሞ ሳይብስበት መምጣት ጀመረ፤ ክሩን ሰጥቶ ስለጨረሰ የሚፈራው ነገር አልነበረም። ካርድ ክፍል በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ዓይነት በሽተኛ አይቼ አላውቅም። እዚያ የሚመጣው ሰው በቃሬዛ ነበር የሚመጣው።

ችግር የመጣው በሸክላ ሠሪዎቹ ነው። ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ የሚኖሩ ጥቂት ቤቶች ናቸው። በዚያ አገር ልማድ ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ በአንድ እድር አይገባም፣ መቃብሩም ለብቻ ነው። የደርግ አዋጅ ሰው ሁሉ እኩል ነው ካለ ቆይቷል፣ ኑሮው ግን እንደነበረ ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ ሁለት እንስራ ተሸክማ ክሊኒኩ በር ላይ አስቀመጠችና፣ «እኛ አንፈትልም። ይህ በክር ፈንታ ነው» አለችኝ። እኔ ተቀበልኳት። መመዝገብ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ክር ሰብሳቢዎቹ መጥተው፣ «እነሱ ከእኛ ጋር አይሆንም» አሉኝ። ሊቀ መንበሩ ስለ ጭቁኖች አንድነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሰው በአክብሮት አዳምጦ በሐሳቡ ጸና። በዚያ ወር ክር ያላመጣ ቤት በዛ። እኔ ለሸማኔው ሚስት ሄጄ ነገርኳት። እሷም እንደ ሌላው ማመንታቷን ፊቷ ላይ አየሁ። ከሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ ጠጥታ አታውቅም።

«መቼም መርፌው አንድ ነው» አልኳት። «የእነሱ ልጅ ትኩሳት ካለው የእናንተንም ልጅ ይይዘዋል።»

«እሱን ተይው» አለች። «ይህን የሚሉት መፍራታቸውን ለመሸፋፈን ነው። ክራችን ከክራቸው ጋር እንዳይሆን ይላሉ። እነሱ ክር መቼ አመጡ? እንስራ ነው ያመጡት።»

ሽማግሌዎቹ ፊት ይህንኑ በባሏ አስነገረች። የጋቢው ጋቢ ነው፣ የእንስራው እንስራ፤ ለብቻው ይሸጥ፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ሣጥን ይግባ። እኔ ሌላ መልስ ፈልጌ ነበር፣ ሙሉ የሆነ። የተገኘው ይህ ነው። እንስራዎቹ ለብቻ ተሸጡ፣ ሰብሳቢውም የራሳቸው ሰው ሆነ። እኔ ጋ ሲመጡ ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሌላ ወንበር አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ያችው እንስራ ያመጣችው ሴት አሥራ አራት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ ለወራት ስታስል ቆይታለች፣ ከስታለች፣ ደም መትፋት ጀምራለች። ወደ ከተማ ልኬ አስመረመርኳት፤ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ለሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ኪኒን ያስፈልጋታል። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለእሷ ብናውለው እንኳ እስከ መጨረሻው አያደርስም።

ይህን ደብቄ ማከም እችል ነበር። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ስለነበር ግን ዝም ማለትን እፈራዋለሁ። ዱቡሻው ላይ እንዲናገር ለሸማኔው ነገርኩት። የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። የሸክላ ሠሪ ልጅ የሁሉን ክር ልትበላው ነው ያለ ነበር። የራሱ ሚስት ልትወልድ የደረሰችበት ሰው፣ «ለእኔስ ቤት ምን ይቀራል?» ሲል ክፋት አልነበረውም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በመጨረሻ አንድ በጣም ያረጁ ሽማግሌ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ተነሡ። «ቀላል የታመመውንማ ቤቱም ያስታምመዋል» አሉ። «ያዋጣነው ቤት ለማይችለው ነገር መስሎኝ ነበር።» ተቀመጡ። መርፌው እንዲጀመር ተፈቀደ።

እኔም ሥራዬን አውቄ ወረዳ ወረድኩ። የነቀርሳ መድኃኒት ከላይ በነፃ እንደሚመጣ በሥልጠና ላይ ሰምቼ ነበር። የመድኃኒት ክፍል ኃላፊው፣ «ለክሊኒክ አልተመደበም» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ፤ የለም አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ልጅቱን ራሷን ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥኳት። ስታስል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ኪኒኑን የዚያን ቀን ሰጠኝ፤ መርፌውን ግን መግዛት የእኛ ድርሻ ሆኖ ቀረ።

እነዚያ ሁለት ወራት ሣጥኑን ባዶ አደረጉት። የተወሰኑ ቤቶች ክር ማዋጣት ትተው ቀሩ፣ ከፊሎቹም እስከ መጨረሻው አልተመለሱም። አንድ ሰው ሲወጣ ያለውን አስታውሳለሁ፤ «እኔ አልታመምም፣ ጤነኛ ዘር ነን» አለ። በክረምቱ ደረቱን ይዞ መጣና አንድ ልቃቂት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። አከምኩት። ሸማኔው ይህን ሲሰማ ከእኔ ጋር ተጣላ። «ሰው ሁሉ ሲታመም ብቻ ካመጣ ማን ይሸምናል?» አለኝ። እውነት ነበረው። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሰው በመስቀል ብቻ እንዲገባ ወሰኑ። መስቀል እዚያ አገር ትልቁ በዓል ነው፤ ሸማኔው ሁሉ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በእጁም የሆነ ነገር አይጠፋም።

ልጅቱ ዳነች ማለት ይቻላል። አንዱ ሳንባዋ ደካማ ሆኖ ቀረ፤ ዳገት ስትወጣ ታርፋለች። በኋላ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። መርፌውን ስወጋት ቀኝ ግራ እያልኩ የምወጋበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ አንዴም አላለቀሰችም። እናቷ የሕክምናው የመጨረሻ ቀን አንድ ትልቅ ጋን አመጣችልኝ። ለምን እንደምጠቀምበት ስለማላውቅ የዝናብ ውሃ አጠራቅምበት ነበር፤ የመርፌ መቀቀያ ውሃዬ ከዚያ ነበር።

የክር መዋጮው እንዲህ አንዴ እየሞላ አንዴ እየጎደለ አምስት ዓመት ቆየ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለጦር ግንባር ስንቅና ልብስ አዋጡ ተባለ። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ክሊኒኩ ውስጥ ተጣጥፈው ያሉትን ጋቢዎች አዩና ተሸክመው ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። አፍሮ ሲመለስ፣ «ልጆቻችንም እዚያው ናቸው፣ ምን ልበል?» አለኝ። ጋቢዎቹን ይልበሷቸው አይልበሷቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሰው የተሸመነ ነገር አንድ ቦታ ማከማቸት ፈራ። ክሩ በየቤቱ ይቀመጥ ተባለ፣ በየቤቱ የተቀመጠ ክር ደግሞ የቤት ሆነ።

እኔ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ገበሬ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ክሊኒኩም ለጥቂት ወራት ባለቤት አልነበረውም። በሩን ሰብረው ቁም ሣጥኑን የወሰዱት ሰዎች ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ሸማኔው የያዘውን ነገር የማይተው ሰው ነበር፤ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ሲመጡ የድሮውን አሠራር ሊነግራቸው ሄደ። የደርግ ጊዜ ነገር መስሏቸው ጆሮ አልሰጡትም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለክትባት ዘመቻ ወደዚያው ስወጣ ሚስቱን አገኘኋት። ዓይኗ ደክሞ መፍተል ቀንሳለች። ስለ መዋጮው ጠየቅኳት።

«ወንዶቹ ትተውታል» አለችኝ። «ሴቶቹ ግን ለወላድ አልተውንም። ምጥ የጠናባትን የሚሸከሙ ሰዎች አሉን፣ ለመኪናና ለከተማ የሚሆናት ገንዘብ በእኛ በኩል ነው።»

«ሸክላ ሠሪዎቹስ?»

«አብረው ናቸው» አለች። ቀጥላም፣ «አንዳንዶቻችን አሁንም ከቤታቸው አንጠጣም። ወላድ ግን የማንም ቤት ትሁን ሁሉም ይሸከማታል» አለችኝ።

ከዚያ ክትባቱ ተጀምሮ ስለነበር ልጆቹን እንድታሰልፍልኝ ለመንኳት፣ እሷም ነጠላዋን አጥብቃ እየጮኸች ታሰልፋቸው ጀመር።